የሚንጠባጠበው ቤንዚን ከየት መጣ?

በየወረዳው ተመድበው የሚሠሩ ወጣት ሠራተኞች ሞተር ብስክሌታቸውን ማታ የት እንደሚያሳድሩ ለማወቅ ብዙ መጠየቅ አያስፈልግም። ደጅ ያደረ ሞተር ብስክሌት ጠዋት ላይገኝ ይችላልና፤ ባለቤቱ አልጋውና መጽሐፎቹ ወዳሉባት አንዲት የኪራይ ክፍል እየገፋ ያስገባዋል። በዚያችው ክፍል የከሰል ምድጃ ተቀጣጥሏል፤ ጀበናም ተጥዶበታል። ሞተር ብስክሌቱ አሮጌ የሆነ እንደ ሆነ ከካርቡራቶሩ ሥር አንዲት የቤንዚን ጠብታ ጠብ ትላለች፤ ጥቂት ቆይታም ሌላዋ ትከተላለች። ባለቤቱ ከሥሩ ጣሳ ያኖርና መብራቱን አጥፍቶ ይተኛል።

በዛሬው ጽሑፋችን ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለዚህች ጣሳ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል እንፋሎት ይሰጣል። እንፋሎቱም ከአየር የከበደ በመሆኑ እንደ ጢስ ሽቅብ ወጥቶ አይበተንም፤ ወለል ለወለል እየተሳበ ምድጃው ዘንድ ይደርሳል። ጣሳው ጠብታውን ይቀበል ይሆናል፤ እንፋሎቱን ግን ሊይዘው አይችልም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ፤ የሚያንጠባጥብ ሞተር ብስክሌት የቤንዚን መዝጊያው ተዘግቶ ከቤት ይውጣ። ስርቆትን የሚፈራ በሰንሰለት ይሰረው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ምን ይደረግ የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ «ካርቡራቶሩን ለውጠው» የሚል ነው። እኛ ግን ይህን መልስ አንወደውም። የመለዋወጫው ዋጋ የአንድ ወጣት ሠራተኛን ደመወዝ የሚጎዳ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው መልሱ ከምርመራ በፊት መምጣቱ ነው። ሐኪም በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት ቢያዝ የሚቈጣው የተማረ ሰው፤ መካኒኩ ሳያይ ሲፈርድ ዝም ብሎ ገንዘቡን ያወጣል። ካቻቢቴ መጨበጥ ዲግሪን የሚያሳንስ የሚመስላቸው ጓደኞች እንዳሉንም እናውቃለን። ለእነዚህ የምንለው ይህ ምርመራ በአብዛኛው የዐይንና የማሰብ ሥራ መሆኑን ነው፤ እጅም ቢቈሽሽ በሳሙና ይለቃል።

ለምሳሌ ያህል በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1976 ዓ.ም. የተጀመረውን ሆንዳ ሲ.ጂ. 125 እንውሰድ። አሠራሩን የቻይና ፋብሪካዎች በብዛት የቀዱት ስለ ሆነ ብዙ አንባቢዎቻችን በስም ባያውቁት በመልክ ያውቁታል። ሲሊንደሩ አንድ፤ ካርቡራቶሩም አንድ ነው። ቤንዚን ከታንኩ በራሱ ክብደት ወርዶ በካርቡራቶሩ ግርጌ ወዳለች ትንሽ ጽዋ ይገባል። በጽዋይቱ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ። ቤንዚኑ ከፍ ሲል ተንሳፋፊው አብሮ ይነሣና አንዲት ሾጣጣ መርፌ ወደ ላይ ገፍቶ የመግቢያውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ሞተሩ ሲጠጣ ደግሞ ዝቅ ብሎ ይከፍታል። የውሃ ሮቶ ሲሞላ እንዴት ራሱን እንደሚዘጋ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መርፌዋ ሳትዘጋ ብትቀር ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ የትርፍ መውጫ ቧንቧ ተሠርቶለታል፤ በእርሷ በኩል ወደ መሬት ይፈሳል። እንግዲህ በዚህች ቧንቧ ጫፍ ጠብታ ያየ ሰው፤ ቧንቧይቱ ተግባሯን እየፈጸመች መሆኗን ይወቅ። በጭቃ ወይም በጨርቅ የሚደፍናትም አይጠፋም፤ ከዚህ የባሰ ጥፋት ግን የለም።

ምርመራው የሚጀመረው ከማድረቅ ነው። ሞተሩ በርዶ፤ አጠገቡም እሳትና ሲጋራ ሳይኖር፤ ከታንኩ ጀምሮ እስከ ካርቡራቶሩ ግርጌ በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ ይደርቃል። ቀጥሎም የጠመኔ ዱቄት በየመጋጠሚያው ይነሰነሳል፤ ተማሪ ጠመኔ አያጣም። ከዚያ ሞተር ብስክሌቱ ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ይቁም፤ መዝጊያው ይከፈት፤ ባለቤቱም ዝም ብሎ ይመልከት። ቤንዚን ከወጣበት ቦታ ሳይሆን ከደረሰበት ዝቅተኛ ቦታ ስለሚንጠባጠብ፤ ጥፋቱ የመዝጊያው ያረጀ ጎማ ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ ሆኖ ሳለ ካርቡራቶሩ በሐሰት ሲከሰስ ይኖራል። ጠመኔው ከላይ በኩል መጀመሪያ ከረጠበ ካርቡራቶሩ በነፃ ይለቀቅ። በጽዋይቱ መጋጠሚያ ዙሪያ ከረጠበ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ ሳይደርቅ አልቀረም፤ እርሱን መለወጥ ቀላል ነው።

በጓርኒሲዮን ነገር ጥቂት እንጨምር። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤንዚን ከፊንጫ በመጣ ኤታኖል 5 በመቶ ያህል መቀላቀል ተጀምሮ ነበር። ኤታኖል እርሱን ለመቋቋም ያልተሠራ አሮጌ ጎማን ስለሚጎዳ፤ ዕድሜው የገፋ ሞተር ብስክሌት የገዛ ሰው የቀድሞውን ጎማ ሁሉ ባያምን መልካም ነው።

ጠብታው ከትርፍ መውጫዋ ከሆነ ምርመራው ይጠልቃል፤ የሚያስደስተውም ይህ ክፍል ነው። በብዙ ካርቡራቶሮች የማፍሰሻው ብሎንና የትርፍ መውጫዋ በአንድ ጫፍ ስለሚወጡ፤ መጀመሪያ ብሎኑ ጠበቅ ይበል፤ ይህ ምንም አያስወጣም። ጉልበት ግን አይጨመርበት፤ ብረቱ ለስላሳ ነው። አሁንም ከፈሰሰ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ይፈለግ፤ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው የግሉኮስ መስጫ ቱቦ ለጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ቱቦው በማፍሰሻው ጫፍ ላይ ተሰክቶ፤ ሌላው ጫፍ ከካርቡራቶሩ ጎን ሽቅብ ተይዞ ብሎኑ ሲላላ፤ በጽዋይቱ ውስጥ ያለው የቤንዚን ከፍታ በቱቦው ውስጥ ይታያል። ፈሳሽ በተገናኙ ዕቃዎች ውስጥ እኩል ከፍታ እንደሚይዝ ሁላችንም በፊዚክስ ክፍል ተምረናል፤ ለምን እንደሚጠቅም ግን የነገረን አልነበረም። ከፍታው ከጽዋይቱ መጋጠሚያ በጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ከቆመ መርፌዋና ተንሳፋፊው ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ ከቧንቧይቱ ስንጥቅ ወይም ከብሎኑ ነው። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. በወጣው ባለ አራት ካርቡራቶር ሆንዳ ሲ.ቢ. 750 ላይ የነሐሱ ቧንቧ በዐይን በማይለይ ቀጭን ስንጥቅ ማፍሰሱ የታወቀ ነው። ጽዋይቱን ፈትቶ ከቧንቧዋ አፍ ዝቅ እስከሚል ቤንዚን መሙላትና ከሥር የሚወጣ መኖሩን ማየት ስንጥቁን ያጋልጣል።

ቤንዚኑ መቆሚያውን አልፎ ሽቅብ ከቀጠለ ግን ነገሩ ከመርፌዋ ወይም ከተንሳፋፊው ነው። በጀት እስኪመጣ ለወራት የቆመ የመሥሪያ ቤት ሞተር ብስክሌት እንደዚህ የሚሆነው በአብዛኛው ቤንዚኑ ተኖ የቀረው ሙጫ መርፌዋን ስለሚይዛት ነው። መካኒኮች ካርቡራቶሩን በካቻቢቴ እጄታ ቀስ አድርገው ሲመቱት አንዳንድ ጊዜ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ አንንቀው፤ ድኗል ብለንም አንመነው። መርፌዋ ጫፍ ላይ እንደ ቀለበት ያለ ጭረት በጥፍር ከተሰማ ትለወጥ። ተንሳፋፊው ከጆሮ አጠገብ ሲነቀነቅ ውስጡ ቤንዚን ከተንኳኳ ቀዳዳ አለው፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ አረፋው ቦታውን ያሳያል። ታንኩ ዝገት የሚልክ ከሆነ ግን ፊልትሮ ሳይገባ መርፌ መለወጥ ከንቱ ነው።

ጥገናው ሲያልቅ ለማስነሣት መቸኰል አይገባም። ቤንዚኑ በትርፍ መውጫዋ ሳይወጣ ወደ ሲሊንደሩ ወርዶ እንደ ሆነ ዘይቱ ቀጥኖ፤ መጠኑ ጨምሮ፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እንዲህ ያለ ዘይት ይፈሰስና በአዲስ ይተካ። ሲሊንደሩ ፈሳሽ ይዞ ከሆነ ፒስቶኑ ሊጭነው ስለማይችል ብረት ይጣመማል፤ ስለዚህ ካንዴላው ተፈትቶ፤ የካንዴላው ገመድም ከቀዳዳው ርቆ፤ የማስነሻው እግር ጥቂት ጊዜ በቀስታ ይረገጥ። ከዚያ ሞተር ብስክሌቱ ደጅ ላይ ቀጥ ብሎ፤ መዝጊያው ተከፍቶ፤ ከሥሩ ወረቀት ተነጥፎለት ለግማሽ ሰዓት ይቁም። ካንዴላው ወደ ቦታው የሚመለሰው ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ነው።