ልጆቻችን የሚሰሙትን ሰምተነዋል?

እንደ እኔ ከስድሳ ያለፈ ምእመን ስለ ዘመኑ ዘፈን ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ጩኸት ነው» ይልና ይዘጋዋል። ብዙዎቻችን የምንፈርደው ግን ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ሳንወድ በሰማነው ቅንጭብ ነው።

መክብብ 7፥10 የቀድሞው ዘመን ከዛሬው ለምን ተሻለ ብሎ መጠየቅ ከጥበብ እንዳልሆነ ይነግረናል። ለዘፈንም ይሠራል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምናሞግሰው ሙዚቃ ለብዙ አባቶች የባለጌ ጩኸት ነበር። ኤሌክትሪክ ጊታሩም፣ አፍሮውም፣ ሱሪውም አልተወደደላቸውም። ደግሞም ከዚያ ዘመን የቀሩልን ጥላሁን ገሠሠ፣ ማህሙድ አህመድ፣ ብዙነሽ በቀለ ናቸው። በዚያው ሰሞን የወጣውን ተራ ዘፈን ማን ያስታውሰዋል? ጊዜ አበጥሮ የሰጠንን ምርጥ ገና ካልተበጠረው ጋር እያወዳደርን «ድሮ ቀረ» እንላለን።

«አማኝ ስለ ዘፈን ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በቀደመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ገላትያ 5፥21 ላይ ከሥጋ ሥራዎች መካከል «ዘፋኝነት» ተቆጥሯል፤ ያደግንበት ትምህርትም በዚህ ላይ የቆመ ነው። በግሪኩ ያለው ቃል «ኮሞስ» ሲሆን በስካር የታጀበ የሌሊት ፈንጠዝያን ያመለክታል። ይህን የምለው ማንንም ወደ ጭፈራ ቤት ለመላክ አይደለም፤ እኔም ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ዘፈን ገዝቼ አላውቅም። ነገር ግን ጳውሎስ በአቴና ቆሞ ሲሰብክ የሰሚዎቹን ባለቅኔዎች ጠቅሷል (ሐዋ. 17፥28)። ለመጥቀስ ደግሞ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ታዲያ የማልወደው ምኑን ነው? ምቱን አይደለም። የጉራጌን ጭፈራ ያየ ሰው ስለ ፍጥነት ማንንም ሊወቅስ አይችልም። ሮፍናን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው «ነጸብራቅ» አልበም የአገር ቤቱን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክሱ ጋር ሲያዋህድ፣ ወጣቱ የአያቶቹን ነገር እንዳልጣለ ለመረዳት ዕድሜዬ አልከለከለኝም።

የማልወደው ጥድፊያውን ነው። በካሴት ዘመን ገዢው ብሩን ከፍሎ ካሴቱን ይዞ ቤቱ ገብቷልና ዘፋኙ አይቸኩልም። ሳክስፎኑ ቀስ ብሎ ይገባል፤ ትዝታው ቃል ሳያወጣ ረጅም ጊዜ ያንጎራጉራል። ዛሬ ስፖቲፋይ አንድን ዘፈን «ተደመጠ» ብሎ የሚቆጥረው 30 ሴኮንድ ሲሞላ ነው። ቲክቶክ ላይ ከዚያም ያጠረው ነው የሚዞረው። ስለዚህ ሠሪው ያለውን ሁሉ በሩ ላይ ይደፋዋል፤ እንግዳው ሳይቀመጥ ወጡንም፣ ቡናውንም፣ ፈንዲሻውንም በአንድ ትሪ እንደሚያቀርብ ባለቤት።

ሌላው ድምፅ የሚያቃናው መሣሪያ ነው፤ ኦቶቲዩን ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ ያበቃው አንዲ ሂልደብራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ቀደም ሲል የመሬት ውስጥ ሞገድ እየተነተነ ነዳጅ በሚፈለግበት ሙያ የሠራ ሰው ነው። ለነዳጅ የዋለውን ስሌት ለሰው ጉሮሮ አዋለው ማለት ነው። (እኛ ጋ ነዳጁን ቢያገኝልን ይሻል ነበር።) ጥላሁን ሲዘፍን ሲቃ ይይዘው ነበር፤ ያንን ሲቃ ማን ያቃናዋል? ለምንስ ይቃና?

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። ይኸው መሣሪያ በመዝሙራችንም ውስጥ አለ። ያው ኪቦርድ፣ ያው ስቱዲዮ፣ አንዳንዴም ያው አቀናባሪ። ዘፈኑን ነቅፈን በዚያው እጅ የተሠራውን መዝሙር «ቅባት አለው» እንላለን። እግዚአብሔር ለሕዝቅኤል የነገረው ነገር (33፥32) ያስፈራኛል፤ ሕዝቡ ነቢዩን ያደምጠው የነበረው ድምፁ ያማረ የፍቅር ዘፋኝን እንደሚያደምጥ ነበር። ይሰማሉ እንጂ አያደርጉትም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ክረምት የእህቴን የልጅ ልጅ፣ ሃያ ዓመት የሞላውን፣ «እስቲ የምትሰማውን አሰማኝ» አልኩት። አፈረ። ስልኩን ብዙ ሲነካካ ቆይቶ አንዱን መረጠና የጆሮ ማዳመጫውን አንድ ወገን ሰጠኝ። ስለ ሴት ልጅ ወገብ ነበር የጠበቅኩት። ዘፈኑ ግን ሌሊት እንቅልፍ ስላጣ ሰው ነው፤ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ስለተሰደዱበት፣ እናቱ «ደህና ነህ?» ስትለው «ደህና ነኝ» ብሎ ስለሚዋሽ። ሲያልቅ ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ «አባባ፣ እንደዚህ ያለ መዝሙር አለን?» አለኝ።

ነበረን። ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል። ያ ዘመን የወለዳቸው መዝሙሮች መከራን በስሙ ይጠሩት ነበር። ጸሎት ቤቱ ታሽጎበት ጎረቤት እንዳይሰማ በየሳሎኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚዘምር ሰው የሌለበትን ደስታ አያስመስልም። አሁን የእሁድ መርሐ ግብራችንን ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ድል፣ ከፍታ፣ በረከት፣ ዝላይ። መልካም ነው፤ ጌታ ድልን ሰጥቶናል። ነገር ግን ተመርቆ ሦስት ዓመት ሥራ ያጣው፣ ወንድሙ በጦርነቱ የቀረበት፣ እጮኛው ቤይሩት ገብታ ድምፅዋ የጠፋበት ወጣት በዚያ መዝሙር ውስጥ በየት በኩል ይግባ? ከዝላዩ መሐል ቆሞ ያጨበጭባል፤ ሲወጣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይሰካል።

በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ግን ቦታ አለው። ብዙዎቹ መዝሙራት እንባና አቤቱታ ናቸው። የቆሬ ልጆች መዝሙር የሆነው 88ኛው ጭራሽ በምስጋና እንኳ አይዘጋም፤ በጨለማ ነው የሚያልቀው። መንፈስ ቅዱስም እንደዚያው ሆኖ እንዲጻፍልን ፈቅዷል።

ስለዚህ ልጆቻችን ዘፈን የሚሰሙት ሁልጊዜ ዓለምን ወድደው አይመስለኝም። ኀዘናቸውን በስሙ የሚጠራላቸው ድምፅ ፈልገው ነው። ዘፋኙ ሕመሙን በደንብ ይነግራቸዋል፤ መድኃኒት ግን የለውም፤ በሦስት ደቂቃ ይጨርስና ስልኩ ቀጣዩን ያመጣል። መድኃኒቱ በእጃችን ያለው እኛ ደግሞ ሕመሙን ለመስማት አልታገሥንም።

ለመዘምራን መሪዎች አንድ ልመና አለኝ። 88ኛውን መዝሙር ውሰዱና ዜማ አውጡለት። በአምባሰልም ይሁን በትዝታ፣ ወጣቶቹ ከፈለጉም በራሳቸው ምት። መጨረሻውን አታሳምሩት፣ «ሃሌ ሉያ» አትቀጥሉበት፤ የዘማሪው ድምፅ ቢሰበር አታቃኑት። ያን ልጅ ይዤው መጥቼ ከኋላ እንቀመጣለን።