ሥዕሉን እያደነቅን ሰዓሊውን ስንንቅ

በግቢያችን ሁለት ዓይነት ሰው በዝቷል። አንደኛው ለዕረፍት ክፍለ ሀገር ደርሶ በተመለሰ ቁጥር በመንገድ ዳር ያየውን የቅዱሳን ሥዕል እያነሳ «ይኸ ደግሞ ሥዕል ነው እንዴ? ፈረሱ ፍየል አክሏል!» እያለ ይስቃል። ሁለተኛው ያንኑ ሥዕል ፎቶግራፍ አንስቶ ይመጣና «እዩት፣ የሕዝብ ጥበብ ማለት ይኸ ነው!» እያለ ለጓደኞቹ ያዞራል። ሁለቱ ሲከራከሩ ያመሻሉ። እኔ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው ባይ ነኝ። የፊተኛው ንቀት ፊት ለፊት ነውና ማንንም አያታልልም። የኋለኛው አድናቆት የለበሰ ንቀት ስለሆነ፣ ብዕሬን ያነሳሁት ይበልጡን በእርሱ ላይ ነው።

በቅድሚያ ነገሩን በስሙ ሳይሆን በዓይናችን እንየው። ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም፣ ከዚያም ወደ ወግዲ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ከመንገዱ ራቅ ብሎ፣ በዛፎቹ መካከል ተሸሽጎ ይቀመጣል። ወደ እርሱ የሚወስደው መንገድ ከዋናው በሚገነጠልበት ላይ ግን ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ጠባብ ዳስ ትቆማለች። ውስጧ ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉ ሥር ሙዳየ ምጽዋት፤ ከበላዩ በስለት የገባ ጥላ። ያቺ ዳስ ቤተ ክርስቲያኑ ወደ መንገደኛው የዘረጋው እጅ ማለት ናት። ገበያ የሚወርደው ገበሬ ሸክሙን ሳያወርድ ጎንበስ ብሎ ያማትባል። ሾፌሩ መኪናውን ቀዝቀዝ አድርጎ በመስኮት ብር ያቀብላል። ስለቷ የሠመረላት እናት ጧፍ ወይም መጋረጃ ይዛ ትመጣለች። ነገሩ በእኛ ብቻ የተጀመረ አይደለም። ግሪኮች በአውራ ጎዳና ጠርዝ ቤት መሳይ ትንንሽ ሣጥን አቁመው ሥዕልና መብራት ያኖሩበታል። የሜክሲኮ ሰዎችም ከአደጋ ሲተርፉ የሆነውን ሁሉ በቆርቆሮ ላይ አሥለው ለቅዱሳኑ ያቀርባሉ። መንገድ የወጣ ሰው አምላኩን ቀረብ አድርጎ ማየት ይወዳል። እንግዲህ ይህን እንያዝ፦ ያ ሥዕል ለታይታ የተሰቀለ አይደለም፤ ሥራ ላይ ያለ ሥዕል ነው።

እስቲ ወግዲ ላይ ያየሁትን ቅዱስ ጊዮርጊስ ልንገራችሁ። የተሣለው በእንጨት ላይ በተመታ ዝርግ ቆርቆሮ ነው። ቀለሙ ከሱቅ በጣሳ የሚገዛው የበርና የመስኮት ቀለም ነው። ፈረሱ፣ እውነት ለመናገር፣ አጭር ነው። ዳሩ ግን ለመሳቅ ከመቸኮል በፊት ትንሽ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ጊዮርጊስ እርካቡን የያዘው በጫማ ሳይሆን፣ እንደ ድሮው የአገራችን ፈረሰኛ፣ በባዶ እግሩ አውራ ጣት ነው። ብሩታዊት ከዛፍ ላይ ሆና ትመለከታለች፤ ነጠላዋ ጥለት አለው። ዘንዶው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። «ሁለተኛውን ዓይን ረስቶታል» ብሎ የሳቀ ተማሪ ሰምቻለሁ። ኧረ አልረሳም!

በቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ፣ ሁለት ዓይናቸው የሚታይ ሆነው ይሣላሉ። ክፉዎች ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን ይሣላሉ። ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዝዘው ከመቅደሱ በር ግራና ቀኝ የሚቆሙት ለጌጥ አይደለም፤ ጠባቂዎች ናቸው። ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከእመቤታችን እግር ሥር አንሶ፣ ተደፍቶ ይታያል፤ ትልቅና ትንሽ የሚለካው በርቀት ሳይሆን በክብር ነውና። ይህ ሁሉ ሰዋስው ነው። ሰዋስው ሳያውቅ ቅኔ የሚተች ሰው እንደሚያስቅ፣ ይህን ሳያውቅ በወግዲው ሰዓሊ የሚስቅም መሳቂያው ራሱ ነው። ደግሞስ ዘመናዊው ሥዕል ከዚህ የራቀ መስሎን ነው? በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያቋቋሙት አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሰዓሊዎች ቤተሰብ የተወለዱ፣ ራሳቸውም በአብያተ ክርስቲያናት የሣሉ ሰው ነበሩ። ለሚስቀው ወዳጃችን ይኸ ይበቃዋል።

ወደ አድናቂው እንመለስ። «የሕዝብ ጥበብ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ሕዝብ ብሩሽ አይጨብጥም። ብሩሽ የሚጨብጠው አንድ ሰው ነው፤ ስም ያለው፣ ልጆች ያሉት፣ የቀለሙን ሒሳብ በዱቤ ያስያዘ ሰው። በየትናንሹ ከተማ ይህ ሰው አዘውትሮ ሲታይ ቀን ቀን የሻይ ቤትና የጸጉር ቤት ታፔላ ሲጽፍ ነው፤ ክብረ በዓል ሲቃረብ ደግሞ ቅዱሳንን ለመሣል ይጠራል። አዲስ አበባ ላይ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ሥራው በስሙ ይጠራል። የወግዲው ግን «የሕዝብ» ይባላል። ለምን ይመስላችኋል? ሰውየው ሕዝብ ውስጥ ከሟሟ ስሙን መጠየቅ ቀረ ማለት ነዋ! የድካሙን ዋጋ መጠየቅም ቀረ ማለት ነዋ!

«ድሮስ ሰዓሊ ስሙን መቼ ይጽፍ ነበር?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። በአሮጌው ግድግዳ ላይ በብዛት የምናነበው ያሠራውን ሰው ስም እንጂ የሣለውን አይደለም። ነገር ግን አንድ ስም በመጻፉ ምን እንደተገኘ እንይ። በ15ኛው ምዕተ ዓመት፣ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ፍሬ ጽዮን የሚባል ሰዓሊ ነበረ። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ በመገኘቱ ሊቃውንት የእጁን ጠባይ ለዩ፤ ሌሎች ሥዕሎችንም ከእርሱ ጋር አያያዙ። አንዲት መስመር ጽሑፍ አንድን ሰው ከአምስት መቶ ዓመት ዝምታ አወጣችው። የጥንቱ ሰዓሊ ስሙን የተወው ለአምላኩ ብሎ ነው፤ ትሕትና ነው። እኛ ስሙን የምንተውለት ግን ስንፍና ይዞን ነው። የእርሱን ትሕትና ለራሳችን ስንፍና መሸፈኛ አናድርገው።

ከዚህ ላይ ሌላ ነገር ላንሳ። ስለ ተዘረፉ ቅርሶች ስንናገር እንባችን ቅርብ ነው፤ ተገቢም ነው። ከወግዲ ሳንርቅ፣ በዚያው በደቡብ ወሎ፣ መቅደላ አለ። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. አምባውን ሲይዙ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምዝ የኩርዓተ ርእሱን ሥዕል አገኘ። ለሙዚየሙ ሳይሰጥ ለራሱ አስቀረው። እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ በኋላም ፖርቱጋል ውስጥ በግለሰብ እጅ ገባ። ነገሥታት ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት የሚወጡት፣ በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ስናር ላይ ተማርኮ በቤዛ የተመለሰ ሥዕል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ የማርሴል ግሪዮል ቡድን ጎንደር ከሚገኘው ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎችን አንስቶ ወደ ፓሪስ ወሰደ። በምትካቸው የቡድኑ ሰዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸው ተለጠፉ።

ግሪዮልና ጓደኞቹ ሥዕሉን ንቀውት ነው የወሰዱት? በፍጹም! አድንቀውት ነው። ነገሩ የሚያመው እዚህ ላይ ነው። ለእነርሱ ሥዕሉ ዕቃ ነበር፤ ዕቃ ደግሞ ይነቀላል፣ ይጠቀለላል፣ ይጫናል። ከፊቱ የሚሰግደው ሰው፣ ነገ በዚያው ግድግዳ ላይ እጁን የሚያሟሸው ወጣት ሰዓሊ በሒሳባቸው አልገባም። ታዲያ ፎቶ አንስቶ ስም ሳይጠይቅ የሚመለሰው ወዳጃችን ከዚህ በምን ይለያል? ግድግዳ አልነቀለም፤ ልኩን እናውቃለን። ዓይኑ ግን ያው ዓይን ነው።

ዛሬ ያንን ዳስ የሚያሰጋው ሆምዝ አይደለም። ባነር ነው። በኮምፒውተር የተቀናበረ የቅዱሳን ምስል በፕላስቲክ ላይ ታትሞ፣ ተጠቅልሎ ይመጣና በአንድ ቀን ይሰቀላል። ርካሽ ነው፤ ያብረቀርቃል። ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ይገረጣል፤ ያን ጊዜ ሌላ ይታተማል። ታፔላውም እንዲሁ ወደ ማተሚያ ቤት ሄደ። ባነር ቅዱሱንም ሻይ ቤቱንም ሲወስድበት ለትንሹ ከተማ ሰዓሊ ምን ቀረው? ጓዙን ጠቅልሎ የቀን ሥራ ፍለጋ መሄድ ነው። ብሩሹን ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ብሩሽ የሚያስጨብጠው ልጅ የለውም።

«የውጭ ኅትመት መቼ ጠፍቶ ያውቃል?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ንጹሕ፣ ምንም ያልነካው ሥዕል ነበረን ብዬ አልዋሽም። ያ ኩርዓተ ርእሱ ራሱ የአውሮፓ እጅ ሥራ ነው። በ1600 አካባቢ፣ በአውሮፓውያን ቁጥር፣ ኢየሱሳውያን ካህናት በሮም ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጂ ይዘው መጡ። እ.ኤ.አ. በ1591 ሮም ላይ የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎችም ለጎንደር ሰዓሊዎች ምሳሌ ሆነዋል። ይሁንና ያ ኅትመት እንዳለ ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም። በእጅ አለፈ። ሰዓሊው ዓይኑን አሰፋው፣ ልብሱን የአገሩን ጥለት አለበሰው፣ የማያስፈልገውን ጣለ። ያ ሰዓሊ የተዋሰውን ወዝ ቀብቶ የራሱ አደረገው። ባነር ግን ከማሽን ወደ ሚስማር ነው፤ መሐል ላይ ሰው የለም። ጠቤ ከመዋስ ጋር አይደለም፤ እጅ ከመቅረቱ ጋር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው መከራከሪያ ግን ይህ ነው፦ «ሕዝቡ ራሱ ባነሩን ከወደደስ? አንተ ማነህና?» ልክ ነው። ምእመኑ የሚሰግደው ለቀለም አይደለም። የወግዲ ሰው የእኛን ዓይን ለማስደሰት ሲል አርጅቶ የተቀደደ ሥዕል ጠብቆ የመኖር ግዴታ የለበትም። አሮጌው ሲያፈስ አዲስ መሥራት መብቱ ነው፤ ቅዱሱ እንዲያምርለት መፈለጉም ፍቅር ነው። እኔ የምለው፣ ያ ፍቅር ያገሩን ልጅ ሥራ ፈት እንዳያደርገው ነው። ሰበካ ጉባኤው ገንዘብ አዋጥቶ ለማተሚያ ቤት ከሚከፍል ለሰዓሊው ይክፈል። ያ ገንዘብ በወግዲ ገበያ ይዞራል፤ ሥዕሉም ሲጎዳ የሚጠግነው ሰው በቅርብ ይኖራል። ስለ ዋጋ የሚያስብ ሰው ይህንንም አብሮ ያስላ።

ይህ የክርስቲያኑ ጉዳይ ብቻ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። ወሎ ላይ መስጊድም ሲሠራ ቤተ ክርስቲያንም ሲሠራ ጎረቤት ለጎረቤት እጁን ሲዘረጋ የኖረበት አገር ነው። በዚያች ዳስ ፊት እስላሙም ክርስቲያኑም ወደ አንድ ገበያ ያልፋል። የማይሰግድላትም ሰው ያውቃታል፤ «ከጊዮርጊሱ ጋ ጠብቀኝ» ብሎ ይቀጣጠርባታል። የመንገድ ዳር ሥዕል የከተማይቱ ፊት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ ፎቶ ያነሳ ሁሉ ስም ይጠይቅ፦ ማን ሣለው? መቼ? ከማን ተማረ? ሰዓሊው ፈቃዱ ከሆነ ይህ ከፎቶው ጀርባ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በየአገራችን በሰበካ ጉባኤና በሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ የተቀመጡት አባቶቻችንና አጎቶቻችን ናቸው። ባነር ሊያዝዙ ሲነሱ «ጋሼ፣ እገሌ ሰዓሊው እያለልን?» ብሎ ቀስ አድርጎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሦስተኛ፣ በአቡጀዲ ላይ ተሥሎ ከግድግዳ የወረደ አሮጌ ሥዕል «ለመታሰቢያ» ብሎ መግዛት ይቅር። የ1992 ዓ.ም. የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በከንቱ አይደለም። ገዢ ባይኖር ሻጭ አይኖርም።

ይህን የሚቃወም ካለ ብዕሩን ያንሳ፤ የመጽሔታችን ገጽ ለሁሉም ክፍት ነው። መልሱን ሲጽፍ ግን ከሁሉ በፊት ለዚህች አንዲት ጥያቄ መልስ ይስጥ፦ በተወለደበት ከተማ ደጀ ሰላም ላይ ያለውን ሥዕል የሣለው ሰው ማን ይባላል?