ከፍተኛው ፕሮሰሰርና የነጋዴው ሒሳብ

በጎንደር ከተማ ከፒያሳ ጀምሮ እስከ ቀሐ ድረስ ባሉት መደብሮች ለጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ሊገዛ የሚገባ ሰው አስቀድሞ «ፕሮሰሰሩ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው መልካም ነው። ፕሮሰሰር ማለት ሒሳቡን የሚያሰላውና ትእዛዙን የሚፈጽመው የኮምፒዩተሩ ክፍል ስለ ሆነ፣ የዕቃው ዋጋ በብዙው በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው። ዳሩ ግን ሻጩም ገዢውም መልሱን የሚመዝኑት በስሙ ብቻ ነው። «አይ 9» ከ«አይ 5»፣ «ራይዘን 9» ከ«ራይዘን 5» የሚበልጥ መሆኑ ይታመንና፣ የሚበልጠው በምን ሥራ ላይ ነው፣ ልዩነቱስ ስንት ብር ያወጣል የሚለው ሳይመረመር ገንዘቡ ይቆጠራል።

ነገሩን ለመረዳት ሁለት ዕቃዎችን አስተያይቶ መመልከት ይበቃል። ኤ.ኤም.ዲ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ራይዘን 9 7950 ኤክስ የሚባለውን ፕሮሰሰር በ699 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ይህ ዕቃ 16 ኮር ያለው ሲሆን፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ 5.7 ጊጋኸርዝ ነው። በዚያው ዓመት በጥር ወር ደግሞ የዚሁ ቤተ ሰብ ታናሽ የሆነው ራይዘን 5 7600 በ229 ዶላር ወጣ። እርሱ 6 ኮር አለው፤ ከፍተኛ ፍጥነቱም 5.1 ጊጋኸርዝ ነው። እንግዲህ ታላቁ በዋጋ የታናሹን ሦስት እጥፍ ሲሆን፣ በአንድ ኮር ፍጥነት ግን የሚበልጠው ከመቶ 12 ያህል ብቻ ነው።

ኮር ማለት እንደ አንድ ሠራተኛ የሚቆጠር ነው። ሰሊጥ በመኪና ሲጫን ዐሥራ ስድስት ጫኞች ከስድስቱ ቀድመው ይጨርሳሉ፤ ነገር ግን ሚዛኑ አንድ፣ ደረሰኝ ጸሐፊውም አንድ ከሆነ፣ የበዙት ጫኞች ከበር ቆመው ተራ መጠበቃቸው አይቀርም። ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒዩተር መሐንዲስ በ1959 ዓ.ም. ይህንኑ በቍጥር አስረድቷል። ከሥራው እኩሌታው ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ፣ የሠራተኛው ብዛት ምንም ያህል ቢጨመር ሥራው በጠቅላላው ከሁለት እጥፍ በላይ ሊፈጥን አይችልም። ደብዳቤ መጻፍ፣ የዕለት ሽያጭ መመዝገብ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን መሙላት፣ ደረሰኝ ማተም፣ እነዚህ ሁሉ አንዱ ከሌላው በኋላ የሚከናወኑ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ኮር በላይ እምብዛም የማይጠይቁ ሥራዎች ናቸው። በታናሹ 10 ሴኮንድ የሚያስጠብቅ ሥራ በታላቁ 9 ሴኮንድ ገደማ ቢያስጠብቅ ነው። ለዚች አንዲት ሴኮንድ 470 ዶላር የሚከፍል ባለመደብር ካለ፣ በሌላው ንግዱ ላይ እንዲህ ያለ ሒሳብ እንደማይሠራ የታወቀ ነው።

ይህ ሲባል ታላቁ ፕሮሰሰር ለማንም አይጠቅምም ለማለት አይደለም። ጥር 11 ቀን በአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር የሚከበረውን በዓል ወይም የሠርግ ሥነ ሥርዓት በቪዲዮ ቀርጾ፣ አቀናብሮ የሚያስረክበው ስቱዲዮ ሥራው ለብዙ ኮሮች የሚከፋፈል ስለ ሆነ፣ በታላቁ ፕሮሰሰር ከእጥፍ በላይ ይፈጥንለታል። ደንበኛው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ፣ ሌላውም ወረፋ የያዘ ከሆነ፣ የተረፈው ሰዓት በቀጥታ ወደ ብር ይለወጣል። እንደዚሁም የሕንፃ ንድፍ በሥዕል የሚያወጡና ብዙ ቍጥር የሚመረምሩ የዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሊገዙት ይገባቸዋል። ሆኖም ስቱዲዮውም ቢሆን እንዲህ ያለውን ከባድ ሥራ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ አስቀድሞ ቢቈጥር ይሻለዋል፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከሆነ፣ ሌሊቱን እያሠራ ጧት ሊያስረክብ ይችላልና።

ከዋጋው ቀጥሎ የማይታየው ወጪ አለ። ለታላቁ የተመደበለት ኀይል 170 ዋት ሲሆን ለታናሹ 65 ዋት ነው። ታናሹ ማቀዝቀዣውን በካርቶኑ ውስጥ ይዞ ሲመጣ፣ ታላቁ ያለ ማቀዝቀዣ ይሸጣል፤ ኩባንያው ራሱም በፈሳሽ የሚሠራ ማቀዝቀዣ እንዲገጠምለት ይመክራል። ሥራ ሲበዛበት ሙቀቱ እስከ 95 ዲግሪ እንዲደርስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ አየሯ ከወደብ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው እንደ ወትሮው ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ይሆናል። የደጋው ብርድ ጥቂት ይክሰዋል፤ የበጋው አቧራ ግን መልሶ ያበላሸዋል። መብራት በጠፋ ጊዜም ብዙ ዋት የሚበላው ኮምፒዩተር የዩ.ፒ.ኤሱን ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል፤ ፋይሉን ለማስቀመጥ የሚቀረው ጊዜም በዚያው ልክ ያጥራል።

ለአስመጪው ግን ዋናው ጉዳይ የውጭ ምንዛሪው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በሁለቱ ፕሮሰሰሮች መካከል ያለው 470 ዶላር በቀድሞው ተመን 27 ሺህ ብር ያህል ነበር፤ ዛሬ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይታሰብ ከ54 ሺህ ብር ይበልጣል። ይህም ገንዘብ በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ነው። ሰሊጥ በመጋዘን ቢቆይ ዋጋው ሊነሣ ይችላል። ፕሮሰሰር ግን ሲቆይ የሚረክስ ሸቀጥ ነው። 699 ዶላር የተባለው 7950 ኤክስ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከ600 ዶላር በታች ተሸጧል፤ ተተኪው 9950 ኤክስም በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ሲወጣ ዋጋው 649 ዶላር ነበር። ብር በሚወርድበት ወራት ያልተሸጠው ዕቃ በብር የከበረ ስለሚመስል አንዳንዱ ነጋዴ አተረፍሁ ይላል፤ መልሶ ለማስመጣት ዶላር ሲገዛ ግን ትርፉ የት እንደ ገባ ያጣዋል።

የዋስትናውም ነገር እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ ጥቅምት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. በ589 ዶላር ያወጣው ኮር አይ 9 14900 ኬ 24 ኮርና 6.0 ጊጋኸርዝ ያለው ብርቱ ዕቃ ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት መጨረሻ ኩባንያው በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ጉዳት የሚያደርስ መሆኑን ገልጾ፣ ማስተካከያ ፕሮግራም አወጣ፤ በካርቶን ለተሸጡትም ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዘመ። ይህ ዋስትና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከአዲስ አበባ ለመጣ ዕቃ የሚሠራው፣ ቸርቻሪው ከአስመጪው በጽሑፍ ከተቀበለ ነው። ማስተካከያው በማዘርቦርዱ ላይ ሳይጫን ዕቃውን ለደንበኛ ማስረከብም ተገቢ አይደለም።

«ርካሽ ገዝቶ ደጋግሞ ከመክፈል ውድ ገዝቶ አንድ ጊዜ ማረፍ ይሻላል» የሚሉ አሉ። በጫማና በጨርቅ ንግድ ይህ እውነት ነው። በዚህ ዕቃ ግን ታናሹም ታላቁም፣ በኋላ የመጣው 9950 ኤክስም ቢሆን፣ ኤ.ኤም. 5 በሚባለው አንድ ዐይነት ማዘርቦርድ ላይ የሚገጠሙ ናቸውና፣ ዛሬ 7600 የገዛ ሰው ሥራው ሲሰፋና የታላቁ ዋጋ ሲወርድ ፕሮሰሰሩን ብቻ ሊለውጥ ይችላል። እስከዚያው በተረፈው ገንዘብ ራሙን ቢያሳድግ፣ ኤስ.ኤስ.ዲ. ቢጨምር፣ ደኅና ዩ.ፒ.ኤስ. ቢገዛ፣ ጸሐፊው ፍጥነቱን በየቀኑ ያየዋል።

በስም መመዘን ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው አሮጌ ዕቃ የሚገዛውን ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አይ 7 2600 እና በ2014 ዓ.ም. የወጣው አይ 3 12100 ሁለቱም 4 ኮር አላቸው፤ ነገር ግን «አይ 3» የተባለው በፍጥነት ይበልጣል። ከዚህም በቀር ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ጥገናው ስለ ተቋረጠ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ያንን አሮጌ አይ 7 ከሚደግፋቸው ፕሮሰሰሮች ውስጥ ስላላስገባው፣ ገዢው በስሙ ተማርኮ የወሰደው ዕቃ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ሱቁ ክርክር ይዞ መመለሱ አይቀርም። ባለሱቆች በየኮምፒዩተሩ ላይ በሚለጥፉት የዋጋ ወረቀት ከስሙ ጋር ፕሮሰሰሩ የወጣበትን ዓመት፣ የኮሩን ቍጥር፣ የሚበላውን ዋትና የዋስትናውን ዘመን ቢጽፉ፣ ከአንድ ቁራጭ ወረቀት በቀር የሚያስወጣቸው የለም።