የፈረስ ሥጋ ይበላልን?

በዛሬው ጊዜ ለትምህርትም ሆነ ለመንግሥት ጉዳይ ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ወጣት ቁጥሩ እየበዛ ነው። ከብርዱና ከቋንቋው ቀጥሎ ያስቸገረህ ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙው «ምግቡ» ብሎ ይመልሳል። ዕጣው አልማቲ ከሆነ የፈረስ ሥጋ በገበታ ላይ ይቀርብለታል፤ ኩማሞቶ ከሆነ ጥሬውን ያገኘዋል፤ በፓሪስም ቢሆን ቁጥሩ ይነስ እንጂ የፈረስ ሥጋ የሚሸጥበት ቤት አልጠፋም። አልበላም ማለት መብቱ ነው፤ በዚህ ላይ የሚከራከረው ሰው የለም። እኔን የሚያሳስበኝ «አልበላም» ሲል የሚያሳየው ፊት ነው። አፍንጫውን ይዞ ከገበታ የሚነሣ እንግዳ የጋበዘውን ሰው ሰደበ እንጂ ሥጋውን ምን አደረገው?

ከመቀጠሌ በፊት፣ በዚህ ጽሑፍ የውጭውን አገር ታሪክ በአውሮፓ፣ የራሳችንን በራሳችን ዘመን አቆጣጠር የምጽፍ መሆኔን አንባቢ ይወቅልኝ።

እኛ ፈረስ የማንበላው ለምንድን ነው? ክርስቲያኑ ቢጠየቅ ኦሪትን ይጠቅሳል፤ ልክም ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የሚበላው እንስሳ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንዲሆን ታዟል። ግመል ያመሰኳል፣ ሰኮናው ግን አልሟላም፤ ዐሣማ ሰኮናው ተሰንጥቋል፣ አያመሰኳም፤ ፈረስ በስሙ ባይጠራም ሁለቱንም አጥቷል። ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ሥርዓት ጠብቃ ኖራለች። ዳሩ ግን ነገሩ በዚህ ብቻ ቢያልቅ ኖሮ ሙስሊሙ ወገናችን ፈረስን እንደ ግመል ሲበላ ባየን ነበር። በኸይበር ዘመቻ ጊዜ ነቢዩ የአህያን ሥጋ ከልክለው የፈረስን እንደ ፈቀዱ ሐዲስ ይተርካል፤ ሊቃውንቱ ግን በዚህ አልተስማሙም፣ የማይወደውም አለ፣ የሚፈቅደውም አለ። በአገራችን ሙስሊሞች ዘንድ የፈረስ ሥጋ መብላት የተለመደ አይደለም። ከሕጉ ሌላ የሚይዘን ነገር አለ ማለት ነው።

ያም ነገር ክብር ነው። በኛ አገር ታላቅ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ናቸው። ጌታው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖና ተሸልሞ፣ የሚቀመጥበት ሳይኖር በልቅሶው መካከል ይሳባል፤ ይህን ያየ ሰው የፈረስን ሥጋ ከምን እንደሚቈጥረው መገመት አያስቸግርም። ዛሬም ቢሆን ጥር 23 ቀን እንጅባራ የሄደ ሰው የአገው ፈረሰኞች ፈረሳቸውን እንዴት አሸልመው እንደሚወጡ ያያል።

እንግዲህ ፈረስ የሚወድ ሕዝብ ፈረስ አይበላም ብለን ልንደመድም ይቃጣናል። እንዲህ የሚለውን ሰው ካዛክስታን መሄድ ያርመዋል።

በዚያ አገር ሰሜን፣ ቦታይ በሚባል ስፍራ፣ ከ5000 ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች መንደር ተቈፍሮ ወጥቷል፤ ከጉድጓዱ የተገኘው የእንስሳ አጥንት አብዛኛው የፈረስ ነው፤ በሸክላው ስባሪ ላይም የባዝራ ወተት ቅባት ተገኝቷል። ካዛኩ እስከ ዛሬ የባዝራ ወተት አብላልቶ ኩሚስ የሚባለውን መጠጥ ይጠጣል። ክረምቱ ሲገባና ብርዱ ሲጠና ለዚሁ ተብሎ የተቀለበ ፈረስ ይታረዳል፤ ሶግም ይሉታል። ሁለት ሦስት ቤተ ሰብ ተጋርቶ የሚያርድም ስላለ ከኛ ቅርጫ ጋር ይመሳሰላል። የጎድኑ ሥጋ ከነጮማው ተቀምሞ አንጀት ውስጥ ይጠቀጠቅና ቃዚ ይባላል፤ ለክቡር እንግዳ የሚቀርበውም ይኸው ነው። በሠርግ ላይ ቃዚ የሌለበት ገበታ ደጋሹን ያሳፍረዋል። ይህ ሕዝብ ደግሞ ልጁን ገና ሳያድግ በፈረስ ላይ የሚያስቀምጥ፣ የጀግናውን ተረት ያለ ፈረሱ የማይተርክ ሕዝብ ነው። ፈረሱን ይወደዋል፣ ያከብረዋል፣ ይበላዋልም፤ በመካከሉም የሚጋጭ ነገር አይታየውም። እኛስ በሬውን እንደዚሁ አይደለምን? ገበሬው በሬውን በስሙ ይጠራዋል፣ እያረሰ ያዜምለታል፤ ያ በሬ ሲያረጅ ግን የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን።

የአውሮፓውን ታሪክ ባጭሩ እነካዋለሁ። በ732 ገደማ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ግሪጎሪዮስ 3ኛ በጀርመን አገር ለሚሰብከው ለቦኒፋስ ሲጽፉ የፈረስ ሥጋ መብላት ርኩስ ስለ ሆነ እንዲያስተው አዘዙት። በዚያ ዘመን አረማውያኑ ፈረስ እየሠዉ ሥጋውን በአንድነት ይበሉ ስለ ነበር፣ ክልከላው ከጣዖቱ ለማራቅ መሆኑ ነው። አይስላንዶች በ1000 ዓመት ገደማ ክርስትናን ሲቀበሉ ፈረስ መብላታችን አይነካብን ብለው ተዋውለው ነበር፤ ፈቃዱ ወዲያው ቢሻርም ዛሬም ይበሉታል። ፈረንሳዮች ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲጸየፉት ኖረው በጦርነትና በችግር ለመዱት። የናፖሌዎን ሐኪም ላሬ ለቈሰሉት ወታደሮች የፈረስ ሥጋ መረቅ አጠጥቶ ብዙ ሰው እንዳተረፈ ተናግሯል። በ1866 ሽያጩ በሕግ ተፈቀደ፤ አራት ዓመት ቈይቶ ፕሩሲያኖች ፓሪስን ሲከቡ ፈረሱ በዐሥር ሺህ እየተቈጠረ ታረደ፣ የአራዊቱ ግቢ ዝሆኖች እንኳ አልቀሩም። ከከበባውም በኋላ ሥጋው በዋጋ ርካሽ ስለ ነበረ የሠራተኛው ምግብ ሆኖ ቈየ። ትናንት «ርኩስ» የተባለው ዛሬ ለልጅ የሚገዛ ሥጋ ሆነ።

እንግሊዞች ግን እንደኛው አይበሉትም። በጥር ወር 2013 በአየርላንድ የምግብ ቍጥጥር መሥሪያ ቤት ከየሱቁ በወሰደው «የበሬ ሥጋ» ውስጥ የፈረስ ሥጋ አገኘ፤ በአንዱ ናሙና እስከ 29 በመቶ ድረስ። ቈይቶም የበሬ ሥጋ ተብሎ የተሸጠ፣ ጨርሶ የፈረስ የሆነ ምግብ ተገኘ። አገሩ በሙሉ ታወከ። ጋዜጦቹ በይበልጥ የጻፉት ስለ መጸየፉ ነው፤ በበኩሌ ግን ትልቁ ጥፋት ማታለሉ ይመስለኛል። አንድ ሰው የሚበላውን ዐውቆ የመምረጥ መብት አለው፤ ለፈረስ በሽታ የተሰጠ መድኃኒትም በሥጋው ሊገኝ ይችላልና ነገሩ የጤና ጉዳይም ነበር። ሥጋው በገዛ ስሙ ቢሸጥ ኖሮ አንዱ ገዝቶ ሌላው አልፎት በሄደ።

ስለ መጸየፍ ካነሣን ደግሞ እኛም የተጸየፉን አሉ። ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ሐበሾች ጥሬ ሥጋ ሲበሉ፣ እንዲያውም ከቆመ ከብት ሲቈርጡ አየሁ ብሎ ቢያወራ የለንደን ሰው ዋሾ ብሎ ሳቀበት። በ1790 መጽሐፉ ሲወጣም መሳቂያ መሆኑ አልቀረለትም። ዛሬ ጃፓናዊው በኩማሞቶ ባሳሺ የሚባለውን ጥሬ የፈረስ ሥጋ አሣስቶ ቈርጦ ከዝንጅብል ጋር ያቀርባል፤ ከቀለሙም የተነሣ ሥጋውን በአበባ ስም ይጠራዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርጥ በአዋዜ የሚያነሣው የአዲስ አበባ ሰው «ጥሬ!» ብሎ ሊደነግጥ አይገባውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ከቀልድ ያልፋል። በክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ባለው ጊዜ፣ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ ረኃብ በገባ ጊዜ ፈረስና በቅሎ፣ አህያም ሳይቀር እንደ ተበላ በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። እነዚያን ሰዎች ማን ርኩሳን ሊላቸው ይችላል? የዛሬዎቹ የልጅ ልጆቻቸው እኛ ነን።

በ2009 ዓ. ም. በቢሾፍቱ የውጭ ባለሀብት የአህያ ቄራ ከፍቶ በሕዝቡ ጩኸት ሳይቈይ ተዘጋ። መዘጋቱን እኔም እደግፋለሁ፤ የብዙዎቹን ምክንያት ግን አልደግፍም። «አህያ የሚበሉ ሰዎች መጡብን» ማለት ቻይናውን መስደብ ነው። ጠንካራው ምክንያት ሌላ ነበር፤ አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም ናት፣ ውኃውን፣ እንጨቱንና እህሉን ከሴቶቻችን ጀርባ ላይ ያወረደው አህያ ነው። ቆዳው እየተቀቀለ ለቻይና መድኃኒት መሥሪያ ስለሚፈለግ ዋጋው ሲንር ስርቆቱ ይበዛል፣ ድኻው መተኪያ ያጣል። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም በየካቲት 2016 አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳው ማረድ ለ15 ዓመት እንዲታገድ ወስነዋል። በዚህ ዐይነት ክርክር የማንም ገበታ አይሰደብም።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ ግን የቻይናውም የፈረንሳዩም አይደለም። ከጣና ዳር የሚኖሩት፣ ራሳቸውን ነገደ ወይጦ የሚሉት ወገኖቻችን በደንገል ታንኳ ላይ ሆነው ጉማሬ ያድኑ፣ ሥጋውንም ይበሉ ነበር። ክርስቲያኑ ስለዚህ ራቃቸው፤ እነሱ ሙስሊም ነን ቢሉም ሌላው ሙስሊም ጉማሬ በላተኛ ብሎ አልቀበላቸው አለ። ጉማሬ ማደኑ ከቀረ ቈይቷል፤ ስሙና መናቁ ግን ከሥጋው ይልቅ ዕድሜ አገኘ። በከፋም ማንጆዎች ጉሬዛና ከርከሮ ይበላሉ ተብሎ ከሌላው ቤት እንዳይገቡ፣ ከአንድ ዕቃ እንዳይበሉ ተደርገው ኖረዋል። ልጃቸው ትምህርት ቤት ሲገባ ስድቡ አብሮት ገብቷል። እዚህ ላይ ኦሪትን መጥቀስ ከንቱ ነው፤ ኦሪት ሥጋውን ከለከለ እንጂ የሰውየውን ስኒ አልከለከለም።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በነዚህ አውራጃዎች ለሥራ የሚመደብ ጓደኛዬ ጉሬዛ እንዲቀምስ የሚያስገድደው የለም፤ «በሃይማኖቴ አልበላም፣ እናንተ ግን ብሉ» ቢል ማንም አይቀየመውም። ነገር ግን በመሥሪያ ቤቱ ቡና ሲቀዳ ስኒው ለማን እንደሚደርስ፣ ማንን ዘሎ እንደሚያልፍ ይመልከት። ዘሎ ያለፈው ሰው ካለ አጠገቡ ይቀመጥና ከዚያው ስኒ ይጠጣ።