የልጅ ሞተር በጉልበት አይታሰርም

እ.ኤ.አ. በ2021 የሞናኮ ግራንድ ፕሪ ላይ ቫልተሪ ቦታስ 2ኛ ሆኖ እየነዳ ጎማ ሊቀይር ገባ። የፊት ቀኝ ጎማው አልወጣ አለ። የመፍቻው ማሽን ዳዶውን ተንጋዶ ስለያዘው መያዣው ተላልጦ አለቀ። ጎማው የተፈታው ከሁለት ቀን በኋላ፣ እንግሊዝ አገር በሚገኘው የመርሰዲስ ፋብሪካ ነው። በ2018 ደግሞ አውስትራሊያ ላይ የሃስ ቡድን ሁለት መኪኖች 4ኛና 5ኛ ሆነው ሲሮጡ፣ ጎማቸው በወጉ ሳይታሰር ስለተለቀቁ ሁለቱም ከውድድር ውጪ ሆኑ።

ምነው ኳሱን ትተህ ስለ ዳዶ የምትሉኝ አትጠፉም። ነገሩ ወዲህ ነው። ለልጁ ያማሃ ፒደብሊው 50 ወይም ሆንዳ ሲአርኤፍ 50 የሚገዛ አባት ቁልፍ ሲያነሳ የሚያስበው “50 ሲሲ እኮ ነው፣ መጫወቻ ናት” ብሎ ነው። ጠቤ ከዚህ ጋር ነው። ያማሃዋ 40 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ የ5 ዓመት ልጅ ግማሿን እንኳ አይመዝንም።

ብሎን ሲታሰር በጥቂቱ ይለጠጣል። ሁለቱን ብረት እንደ ሞላ ቆንጥጦ የሚይዘው ያ መለጠጥ ነው። ከላላ ንዝረቱ ይፈታዋል። ከልክ ካለፈ ደግሞ ወይ ብሎኑ ተስቦ ይቀራል፣ ወይ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ይበላል። ባለ 6 ሚሊ ብሎን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ እንደማንጠልጠል ማለት ነው። የጎልማሳ ክንድ ይህን ሳይታወቀው ያልፈዋል። ታዲያ “ጠበቅ ላድርገው” የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

መፍትሔው ቶርክ ሬንች ነው። የየብሎኑ ልክ በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ውድ ነው እንዳትሉኝ፤ በየዓመቱ ለልጁ የአርሰናል ወይም የማንቸስተር አዲስ ማሊያ የሚገዛ አባት ይህን ሲል አልሰማም። መጀመሪያ ብሎኑን በጣት አሽከርክሩት፤ በጣት እምቢ ካለ ጥርሱ ተዛብቶ ገብቷልና አውጡት። መመሪያው ካላዘዘ ዘይት አትቀቡ፤ ሰበቃው ሲቀንስ በዚያው ቁጥር ብሎኑ ከልክ በላይ ይጠብቃል። ቁልፉ “ቀጭ” ሲል በቃ። “ለማረጋገጫ” ተብሎ የሚጨመረው ልኩን ከንቱ ያደርገዋል። የመሪው ብሎኖች ላይ ደግሞ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ የለም፤ መመሪያው ባለው ተራ ጥቂት በጥቂት ነው።

ትልቅ ሰው መሪው ሲወላገድበት ዳር ይዞ ይቆማል። ልጅ ግን አባቱ ስላሰረው ደህና ነው ብሎ ነዳጅ ይሰጣል። ለዚህ ነው ነገሩን እንደ ቀላል የማላየው።

ከመጀመሪያው ግልቢያ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እንደገና ፈትሹ። የጎማው ዳዶ ኮፒሊያ ካለው፣ በወጣ ቁጥር በአዲስ ይተካ። ካሰራችሁ በኋላ ከዳዶው እስከ ብረቱ ድረስ በነጭ ቀለም አንድ መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተዛነፈ፣ ልጁ ቢያለቅስም ያን ቀን ሞተሩ አይነሳም።