የልጆች የአእምሮ ሕክምና ወደ ቀዬው ይቅረብ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በጎልማሶች ላይ ከሚታዩት የአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ነው፤ አብዛኞቹም ሳይታወቁና ሳይታከሙ ይቀራሉ። በኢትዮጵያ የልጆች የአእምሮ ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ናቸው። ከገጠር የሚመጣ ወላጅ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ሕመሙ ከከረመ፣ ልጁም ከትምህርት ገበታው ከተለየ በኋላ ነው። የልጅ ጭንቀትና ድባቴ ሁልጊዜ በቃል አይነገርም፤ በሆድ ቁርጠት፣ በራስ ምታት፣ በቁጣ፣ በእንቅልፍ ማጣት ይገለጣል። «ባለጌ»፣ «ሰነፍ» እየተባለ የሚገረፈው ልጅ ታማሚ ሊሆን መቻሉ ልብ ይሰብራል። መምህራንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ምልክቱን ለይተው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ ማሠልጠን አዲስ ሆስፒታል ከመገንባት ይፈጥናል። ጸበል የሚጠመቅ ልጅ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥም ከካህናቱ ጋር መመካከር ያሻል።