ትከሻው ሲጨበጨብለት መርፌው የት ነበር?

ሻሸመኔ የመንገዶች መጋጠሚያ ናት ሲባል ሰምተን አድገናል። የአዲስ አበባው፣ የሐዋሳው፣ የባሌው፣ የወላይታው መንገድ እዚያ ይገናኛል። ብዙ ያልተባለለት ግን ከመንገዱ ጋር ውዝዋዜውም የሚገናኝ መሆኑ ነው። የአርሲዋ አንገት፣ የወላይታው ወገብ፣ ከሰሜን የወረደው እስክስታ በአንድ ቅዳሜ ሠርግ ይታያሉ። ለዚህ ሁሉ ልብስ የሚያዘጋጀው በረንዳ ላይ ሲንገሩን ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው ነው። የዛሬው ጠቤ ስለ እሱ ነው።

ጋሼ እያልኩ ያደግሁት አንድ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ዛሬም ናቸው። የሰፈር ወጣቶች እስክስታ ሲመቱ እጀ ጠባባቸው ብብቱ ላይ እየተተረተረ ቢያስቸግራቸው፣ ጋሼ ትርፍ ጨርቅ አስገቡበት። ለወላይታው ዱንጉዛ ወገቡ ላይ ላስቲክ አበጁለት፤ መንሸራተቱ ቀረ። ወሬው ሐዋሳና ዝዋይ ደረሰ፤ አንዱ መኪና ሁለት፣ ሁለቱ ሦስት ሆነ። ማስታወቂያ የለ፣ ብድር የለ! ያሳደጋቸው የሚጨፍርን ሰውነት ማየት መቻላቸው ነው።

ከዚያ የውድድር አዘጋጅ መጣ። «ተወዳዳሪዎቹን ያልብሱልን፣ እኛ ስምዎን እናስጠራለን» አላቸው። ጋሼ ጨርቁን በዱቤ አንስተው ሃያ አራት ልብስ ሰፉ። በዕለቱ ሆቴሉ ተመሰገነ፣ ለስላሳው ተመሰገነ፣ የድምፅ ማጉያ ያከራየው እንኳ ተመሰገነ። አንዱ ዳኛ ደግሞ ለተወዳዳሪዎቹ «አልባሳታችሁ ግሩም ነው» ብሎ ነጥብ ሰጠ። ግሩም ያደረገው ማነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ያው አቆራረጥ ጥለት በታተመበት የውጭ ፖሊስተር ተሰፍቶ መድረክ ላይ ወጣ።

«ልብሱ ምን አላት፣ ዋናው ውዝዋዜው ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አይደለም! የአርሲ ሴት ባህላዊ ልብስ ቆዳ ነው፤ ዛጎልና ጨሌ አለበት። አንገት ሲወዛወዝ ጨሌው ድምፅ ያወጣል፤ ድምፁም የጭፈራው አካል ነው። ፖሊስተሩ ላይ ዛጎሉን በቀለም ስታትሙት ውዝዋዜውን ግማሽ ዲዳ አደረጋችሁት። ርካሽና ቀላል መሆኑን አልክድም፤ ድሃ ቡድን ቢገዛው አልፈርድበትም። የምፈርደው ገንዘብ እያለው በሚሰስተው ላይ ነው።

በሌላው ዓለም እንዴት ሆነ? ካፔዚዮ የሚባለው የዳንስ ጫማና ልብስ ድርጅት በእ.ኤ.አ. 1887 ኒውዮርክ ውስጥ ኦፔራ ቤት አጠገብ በተከፈተች የጫማ ጥገና ሱቅ ነው የተጀመረው። በ1910 ሩሲያዊቷ አና ፓቭሎቫ ለራሷና ለቡድኗ ከዚያ ጫማ ገዛች፤ ስሙም ገነነ። የአውስትራሊያው ብሎክ በ1932 ሲድኒ ውስጥ በአንድ ስደተኛ ጫማ ሠሪ ተመሠረተ። ልብ በሉ፣ ፓቭሎቫ ገዛች እንጂ «ስምህን አስጠራልሃለሁ» ብላ አልወሰደችም።

እኛ ግን ዓይናችን ሩቅ ነው። ከሻሸመኔ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ አጨበጨብን፤ ለባዕድ ገበያ ሸሚዝ ይሰፋ ነበርና። በእ.ኤ.አ. ጥር 2022 አገራችን ከአጎዋ ስትወጣ የውጭ ገበያ እንዴት እንደሚከዳ አየን። በየሠርጉ፣ በየኢሬቻው፣ በየትምህርት ቤቱ በዓል የሚጨፍር ሕዝብ ግን ገበያ ነው ብሎ የቆጠረው የለም።

ልብስ ሰፊዎቻችንም ከጥፋት ነፃ አይደሉም። ይሉኝታ ይዟቸው ውል አይጽፉም፣ ቀብድ አይጠይቁም። እንግዲህ አዘጋጆች ሆይ፣ ግማሹን ቀድማችሁ ክፈሉ፤ ለዘፋኙ የምትጽፉለትን ያህል ለልብስ ሰፊውም ስሙን በስክሪን ጻፉለት። ይህ ምጽዋት አይደለም፣ ዕዳ ነው።

ጋሼ የጨርቁን ዱቤ ለመክፈል ሁለቱን መኪና ሸጡ። አሁን የተማሪ ዩኒፎርም ነው የሚሰፉት። ባለፈው ሄጄ አንዱን አንስቼ ባየው፣ ብብቱ ላይ ያቺ ትርፍ ጨርቅ አለች። «ለዩኒፎርም ምን ያደርጋል ጋሼ?» ብላቸው፣ «ልጆች አይደሉ፣ ይዘላሉ» አሉኝ።